የአያ መንበሩ መርከብ

ባለፈው ጥቅምት ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት መኪና ስጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ያሳይ ነበር። አጠገቤ ያሉት ወጣቶች አንዴ ቀና ብለው አይተው ወደ ስልካቸው ተመለሱ። እኔ ግን ሻዬን መጨረስ አቃተኝ።

አያ መንበሩ በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ ሸማኔ ነበሩ። ጣልያን ከመምጣቱ በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ ጅቡቲ ወርደው ለፈረንሳዮች ሠርተዋል። የሠሩባት መርከብ ውሃ ውስጥ ትሄድ ነበር ይላሉ። በስዊዝ ቦይ በኩል እንደመጣች፣ ቀይ ባሕርን ስትጠብቅ እንደኖረች፣ አንድ ቀን ጠልቃ መውጣት አቅቷት እርሳቸውም ውስጧ ሆነው ለሚካኤል እንደተሳሉ፣ በመጨረሻም አርጅታ ወደ አገሯ ተጎትታ እንደተሰባበረች፣ እየሸመኑ ያጫውቱን ነበር። መሰባበሯን ሲያነሡ የዘመድ መርዶ የሚያረዱ ይመስላሉ። ሰው ግን ይስቅባቸዋል።

እኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከመንደራችን ወረታ ሄዶ የሚማር ከእኔ በቀር አልነበረም። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ክረምት ያጥለቀለቀው ሜዳ ጠፈፍ ብሎ፣ የረግረጉ ጭቃ ገና ይሸታል። ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ዳቦና ጠላ ቀርቧል። የአያ መንበሩን ሴት ልጅ ጥሩሰውን ለወንድ ልጃቸው ያጩ አንድ ባለ ብዙ ከብት ገበሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ሸማኔ ይናቅ ስለነበር የሸማኔ ልጅ ማግባት ቀላል ነገር አልነበረምና ዘመዶቻቸው ማፍረሻ ሰበብ ይፈልጉ ነበር። የገበሬው ወንድም የመርከቧን ወሬ አንሥቶ፣ የውሸታም ዘር ልታስገባ ነው ወይ አላቸው።

አያ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ተማሪ ነህ። አለች ወይስ የለችም? ንገራቸው።»

አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ሥዕሏን ከመጽሐፍ አይቻለሁ፤ መምህራችንም አስረድቶናል። ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ የእኔን አፍ ይጠብቅ ነበር። ደስ አለኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ አያ» አልሁ።

ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቁም። ዳቦውን አስቀምጠው ተነሡ። በሳምንቱ ጋብቻው ፈረሰ፤ እርሳቸውም ስለ መርከቧ ዳግመኛ ሳያወሩን በሦስተኛው ዓመት ሞቱ።

ከሻይ ቤቱ ተነሥቼ ወደ ይፋግ ሄድሁ። ጥሩሰው እዚያ ሳታገባ አርጅታለች። ጥጥ ስትፈትል አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኋት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እኔም አምኜህ ነበር» አለች። «አባቴ ሊሞቱ ሲሉ ስለ መርከቧ ሊያጫውቱኝ ጀመሩ። ዝም ይበሉ፣ ያዋረዱኝ ይበቃል አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።»

የሄድሁት ይቅርታ ልለምን ነበር። ሳልለምን ተመለስሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ የተናገርሁት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከሞት አልጋቸው አጠገብ፣ በገዛ ልጃቸው አፍ፣ ደግሜዋለሁ።