የጎማ ተክሉ ማር

ላሊበላ ሆቴል ቤት በጽዳት የሠራሁበትን ዘመን ሳስበው፣ ግማሹ ቅጠል ስወለውል ያለፈ ይመስለኛል። ቱሪስት መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን የእንግዳ መቀበያው እንዲያምር ብሎ አራት ባለ ሰፋፊ ቅጠል የጎማ ተክል ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስመጣ። እነሱን ለማጠጣት አንድ ሽማግሌ ተቀጠሩ፤ ከአቅራቢያው ገጠር ከብልባላ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ከንብ ቀፎ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጠሉን መወልወል የእኔ ሥራ ሆነ።

ክረምቱ እንደወጣ ቅጠሉ ማጣበቅ ጀመረ። ከሥሩ ያለው ወለል ሳይቀር ጫማ ይይዛል፤ ጉንዳኑም በግንዱ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ልጠርገው ጨርቅ ሳነሳ ሽማግሌው በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«ተይው ልጄ፣ ማር ነው» አሉኝ። «በረከት አይጠረግም።»

እኔም ቀመስኩት፤ እውነትም ይጣፍጣል። ደግሞ ልዋሽ አልፈልግም፣ ከዚያ ሁሉ ሥራ አንዱ ሲቀነስልኝ ደስ ነው ያለኝ። በቅጠሉ ጀርባና በግንዱ ላይ የተለጠፈውን ምስር የሚያክል ቡናማ ነገርም የተክሉ ጉጥ ነው ብለን አለፍነው።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ እየገረጣ ይረግፍ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ «እንዳይጠረግ ያለው ማነው?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝ።

«ሽማግሌው ናቸው» አልኩ።

«እስከ ገና ካላገገመ ወደ አገራቸው ይግቡ» አለ። ያን ቃል በዋጥኩት ኖሮ ብዬ ስንት ቀን እንደተቆጨሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚያው ሳምንት ምሳ ሊበላ የመጣ የግብርና ባለሙያ ተክሉን አይቶ ተጠጋ። ጉጥ ያልነውን በጥፍሩ ፈነቀለው፤ ከሥሩ እርጥብ ነው።

«ይሄ ነፍሳት ነው» አለን። «ተክሉን እየመጠጠ ነው። ማር ያላችሁት ኩሱ ነው።»

ሽማግሌው እንትፍ አሉ። በደህና ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የሚረጭ መርዝ ሰው በሚበላበት ቤት አይሆንም አለ ባለሙያው። አረቄ በነካ ጥጥ አንድ በአንድ መልቀም፣ ቅጠሉን ከላይም ከታችም በሳሙና ውሃ ማጠብ፤ ከዚያ የሚፈለፈለው ለዓይን ስለማይታይ በየሳምንቱ እንደገና መጀመር። «ብቻ እንዳትሰለቹ» ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። ለተናጋሪ ምን አለበት።

የነቢያት ጾም ነው። ክፍሎቹን ጨርሼ በባዶ ሆዴ ከተክሉ ሥር እንበረከካለሁ፤ የአረቄው ሽታ ራሴን ያዞረኛል፣ ወገቤ አልቃና ይለኛል። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለደከመ በጥፍራቸው እየዳሰሱ ይለቅማሉ። ሥራው እንደ ቅማል ለቀማ ነው፤ አለቀ ስንል በሳምንቱ አዲስ እናገኛለን። ሰለቸኝ። እንዳልተወው ግን በሽማግሌው ላይ የተናገርኩት ያ ቃል ያዘኝ።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ማጣበቁ ቆመ። አንዱ ተክል እንደውም ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል አወጣ። ለሥራ አስኪያጁ ልናሳየው ስንጠብቅ መኪና መጣ፤ የጫነው የፕላስቲክ ተክል ነበር።

«ይሄ ውሃ አይጠጣም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሽማግሌው በዚያው ተሰናበቱ።

እንዲጣል የተባለውን፣ ለጋ ያወጣውን ተክል በአህያቸው ላይ ስጭንላቸው መደበቅ አልቻልኩም፣ ተናዘዝኩ።

«አባባ፣ ያኔ በአንቱ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ገመዱን እያጠበቁ። «አንቺን ሳይጠራሽ በፊት እኔው ሄጄ ነግሬው ነበር፤ እያወቀ ነው የጠየቀሽ። ባንቺ እንዳያሳብብ ብዬ።»

አህያዋን ነድተው ሲወርዱ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግሥቱ የፕላስቲኩን አቧራ እንድወለውል ታዘዝኩ። እጄ ለምዶ እያንዳንዱን ቅጠል እየገለበጥኩ ጀርባውን አየሁ። ምንም የለበትም።