ያለ ባለቤቱ ፈቃድ

በአዳማ ሐሩር አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠምጥማ የምትዞር ሴት፣ ዘፈን ጫኙ ጠሃ ከእሷ ሌላ አላየም። ከመቂ ሽንኩርት በጫነ መኪና በመጣች ቁጥር ሽታው ቀድሟት ሱቁ ይገባል። የስልኳን ሚሞሪ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና በሹክሹክታ ያንኑ ትለምናለች፤ ዩቲዩብ ላይ ካለ አንድ የሰርግ ቪዲዮ የዘፋኟ ድምፅ ብቻ ተለይቶ እንዲወጣላት። ምስሉን አትፈልገውም።

ጠሃ ለሌላው ደንበኛ ያገኘውን ሁሉ ሳይጠይቅ ያወርዳል። እሷ ስትመጣ ግን ሕግ አዋቂ ይሆናል።

«እናቴ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ድምፅ ማውጣት ያስከስሳል።»

«ድምፁ የኔ ነው» አለች ዛሬ።

ተራ የሚጠብቁት ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። ጠሃም ሳቀ። «እንግዲያው ትንሽ ያንጎራጉሩልንና እንመን።»

ሴትዮዋ ሻርፗን ፈታች። ጉሮሮዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ታየ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ጠሃ ቪዲዮውን ከፈተው። ካሜራው ሙሽሮቹን እንጂ ዘፋኟን አንዴም አያሳይም። ያ ድምፅ ሱቁን ሲሞላው የሴትዮዋ ከንፈሮች እያንዳንዱን ቃል እኩል፣ አንዳንዱንም ቀድመው ይሉት ጀመር። ሾፌሮቹ ሳቃቸውን ትተው ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። ጠሃም ገብቶታል። ሰው ፊት መሸነፍ ግን አልሆነለትም።

«ከንፈር ማንቀሳቀስማ እኔም እችላለሁ» አለና ዘፈኑን መሀል ላይ ቆረጠው።

ከንፈሮቿ ግን እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ አላቆሙም።