የባለ በቅሎዎቹ ተራ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ደባርቅ ላይ ለተራራ እንግዶች በቅሎ የሚያከራዩ ገበሬዎች ተራ አላቸው። ጠዋት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ መጨረሻ ይወርዳል፤ ተራው እስኪመለስለት ወር ሊያልፍ ይችላል። ጸሐፊያቸው ከወረቀት እያነበበ ይጠራ ነበር። እኔ ከጎንደር ሄጄ ተራቸውን ቤታቸው ሆነው የሚያዩበት ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። በስልካቸው ሲከፍቱት ገጹ ባለበት ሆኖ ዝርዝሩ ብቻ ሰርቨር ከሚባለው የሩቅ ኮምፒውተር በኔትወርክ ይመጣል፤ ያለ ምንም ተጨማሪ፣ ጃቫስክሪፕት በሚሉት የኮድ ቋንቋ ብቻ፣ በደረቁ። ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ዝርዝሩን የሚያስገባው ያው ጸሐፊ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አልጣመኝም። ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል፤ የእህቱ ባል ደግሞ እዚያው ተራ ውስጥ አለ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ በቅሏቸውን እየሳቡ ከመንደራቸው ከድብ ባሕር ደረሱ። አንደኛ ተብለው ተጠርተው፣ ስለሌሉ መጨረሻ ወርደዋል። እንግዳውን የወሰደው ተከታዩ፣ የጸሐፊው እህት ባል!

«ምነው ልጄ? ያለሁት አምስተኛ ላይ ነው እኮ፤ ለአምስተኛ ረፋዱ ይደርሳል ብዬ ነው የመጣሁት» ብለው ስልካቸውን አሳዩኝ። እውነትም አምስተኛ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ነህ የቀየርከው! ለዘመድህ ብለህ!» አልኩት ጸሐፊውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«በሥላሴ! ትናንት ያስገባሁት ይኸው ነው» ብሎ ወረቀቱን ዘረጋ። ወረቀቱን ማን ያምነዋል? ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱማ «ይውረድ!» አለ።

ላጋልጠው ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሰርቨሩ ላይ ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ አንደኛ ናቸው።

የገዛ ኮዴን አየሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ዝርዝሩ አልመጣ ሲል፣ ስልኩ ዝም ብሎ የቆየውን እንዲያሳይ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ገጼን እንዳያስቀይምብኝ! የስንት ቀን ዝርዝር እንደሆነ እንኳ አያሳይም።

ኮምፒውተሬን ዘግቼ ልሄድ አሰብኩ። እግዜር ያውቃል፣ አስቤዋለሁ። ከዚያ ግን «ይቅርታ አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«አላገኘሁም ቢለኝ ምን ነበረበት? እንደ ድሮዬ ጎሕ ሲቀድ እመጣ ነበር» አሉ።

ሰዉ ተስማምቶ በማግስቱ አንደኛ አደረጋቸው።  ጸሐፊው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዝርዝሩን ባስገባ ቁጥር ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። አያስፈልግም ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። ዛሬም ልኮልኛል።