የወንድሜ ጊታር መጋጠሚያ

በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል ጊታር የሚመታው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። ከዱራሜ ኮንፈረንስ ሲመለሱ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ አካሉ ፍርክስክስ አለ። አንገቱ ተረፈ። እኔ ሆሳዕና ውስጥ በርና አልጋ የምሠራ አናጢ ነኝ። "አካሉን እኔ እሠራልሃለሁ" አልኩት።

ከዋንዛ ጣውላ ቀረጽኩለት፤ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ከአሮጌው ፈትተን ገጠምን። ያስቸገረኝ መጋጠሚያው ነው። የጊታር ክሮች ሲወጠሩ አንድ ሰው የተንጠለጠለባቸው ያህል ይስባሉ፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ደግሞ አንገቱ አካሉ ውስጥ በሚገባባት መዳፍ በማታክል ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ በእንጨት ቪት አሰርኩት። ብዙም ሳይቆይ አንገቱ አዘነበለ፤ ክሮቹ ከፍ አሉ።

"ጋሼ፣ ክሩን መጫን ከበደኝ" አለኝ። "ድምፁ ይታፈናል።"

ፈታሁት። የሰፉትን ቀዳዳዎች በወይራ እንጨት ደፈንኩ፤ አንገቱ የሚገባበትን ጉድጓድ ጥልቅ አደረግሁ፤ ኮላ ጨመርኩ። በጋው ሲገባ ዋንዛው ደረቀና ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ ወንድሜ መዝሙሩ መሐል ላይ መምታቱን አቆመ። የመዘምራኑ መሪ ኪቦርዱ እንዲቀጥል ጠቆመ። ቤት ስንደርስ እናታችን በሀዲይኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ጊታሩ ነው" አላት። እኔም ጊታሩ ነው አልኳት። ሁላችንም አመንን።

በደንብ ከደረቀ ወፍራም ጣውላ ሌላ አካል ሠራሁ። አንገቱ ያለ ማሰሪያ እንኳ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጉድጓዱን በልኩ ፈለፈልኩ። አንገቱ ውስጥ ቡሎን የሚታሰርባቸውን ዳዶዎች ቀበርኩ፤ ብየዳ ቤት ያስቆረጥኩትን ላሜራ ከጀርባው ደግፌ በቡሎን አጠበቅሁት። ክሮቹን ወጥሬ ቀናት ጠበቅሁ። ንቅንቅ አላለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ወንድሜ ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ክሮቹ ዝቅ ብለዋል፤ ለመጫን ጉልበት አይጠይቁም። ቢሞክር ያው ድምፁ ታፈነ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ጊታሩን ትቶ ግራ እጁን ማየት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ትንሿ ጣቴ አትሰማኝም። ከጎኗ ያለችውም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ። ጊታሩ መስሎኝ ነበር።"

አዲስ አበባ ያየው ሐኪም ክርኑን ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ የሚወድቀውን ጊታር ሊይዝ ሲል ክርኑ ከአይሱዙው ብረት ጋር ተጋጭቶ ነበር። ለጊዜው አሞት ተወው። "ነርቩ ተጎድቷል፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር" አለ ሐኪሙ። እኛ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንጨት ስናክም ነበር። ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን አስታገሠለት እንጂ ጣቶቹን አልመለሰም። የእጁ ሥጋ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየጎደጎደ ሄደ።

አሁን ጊታሩን ሌላ ሰው ይመታዋል። ወንድሜ ከምእመናን ጋር ይቀመጣል፤ መዝሙር ሲጀመር ግን ተነስቶ ይወጣል። ባለፈው እሁድ ተከትዬው ወጣሁ። አጥሩን ተደግፎ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

"ጥሩ ይመታል" አለኝ።

ካፊያ እየወረደብን አጠገቡ ቆምኩ።