ወረቀት ይዤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴን የምትነቅፍ ካለህ አስቀድመህ መንገዳችንን ንቀፍ።

የልጄ ልጅ አስካለ ዩኒቨርሲቲ ደብረ ብርሃን ደርሷታል። ዋናውን የፈተና ውጤት ወረቀት ግን ቤት ረስታ ሄደች። "ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላመጣሽ የዘንድሮው ምዝገባ አለፈሽ" ብለዋታል። በስልክ ፎቶውን ብንልክ አንቀበልም አሉ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በደረቴ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ። ባሱ የለም። "ጋራዥ ገብቷል" አሉኝ። መቼ ወጥቶ ያውቅና! በግ የጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ለእኔ ያሳዩኝ ቦታ ከአንድ ሙክት ጎን ነው። ሙክቱ እንኳ አፈረልኝ። ሚኒባስ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት። ገና መሐል ሜዳ ነን። ሾፌሩ ሰው ፍለጋ ከተማውን ሦስቴ አዞረን።

"ሦስቴ ዞርክ፤ ታቦት ነው እንዴ የያዝከው?" አልኩት።

"ፋዘር፣ ሳይሞላ አይወጣም።"

"ሞልቷል እኮ! የሴትዮዋ ዶሮ እኔ ጭን ላይ ናት።"

አምስት ሰዓት። ሞላሌ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ከተነፈሰ ከርሟል። ሌላ ጎማ ከሞላሌ በፈረስ ተጭኖ መጣ። ልብ በሉ፤ መኪናውን ያዳነው ፈረስ ነው። ሞላሌ ስንገባ ደግሞ ሾፌሩ ጥብስ ሳልበላ አልነዳም አለ።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ከሞላሌ ወጣ እንዳልን ቀብር አጋጠመን። ካህናቱ ከፊት፣ ሬሳው በቃሬዛ፣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ። ሾፌሩ ክላክሱን ነፋው።

"አቁም!" አልኩ።

"ከጠዋት ጀምሮ ፍጠን ፍጠን ሲሉኝ አልነበር እንዴ? ጥግ ጥጉን አልፋለሁ።"

"በበቅሎ የሚሄድ እንኳ ለሬሳ ይወርዳል። አንተ ጭራሽ ትጮኽበታለህ?"

በሩን ራሴ ከፍቼ ወረድኩ። ባለ ዶሮዋ ተከተለችኝ፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ወረዱ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። ቀብሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታጠፍ ድረስ ከኋላ በእግር ሸኘነው። ሟቹን አላውቀውም። በደረቴ ያለው ወረቀት ከበደኝ፤ ግን ምን ላድርግ?

ስንሳፈር ሾፌሩ፣ "ዛሬ ቢመሽብዎ እኔን እንዳይረግሙ" አለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን። ጥንት ነገሥታት የተቀመጡባት ከተማ ናት፤ ዛሬ የነገሠው ባጃጅ ነው። የእኔውም ሌላ ሰው ላድርስ ብሎ ሰፈር ለሰፈር አንከራተተኝ። ስደርስ የምዝገባው ቢሮ ተዘግቷል። አስካለ በሩ ላይ ቆማለች።

"መኪናው ነው ያዘገየዎት አባባ?"

መኪናውን ብረግም ታምነኝ ነበር። "እኔው ነኝ" አልኳት። "ቀብር አጋጥሞን መኪናውን አስቆምኩት።"

"ለማያውቁት ሬሳ የኔን ዓመት?" ብላ ጥላኝ ወደ ማደሪያዋ ገባች። እኔ ዘመድ ቤት አደርኩ።

በነጋታው ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ከበሩ ቆምኩ። አስካለም መጣች፤ ፊቷን ግን አዙራለች። መዝጋቢው ቁልፍ ይዞ መጣ።

"ቀኑ እኮ ትናንት አበቃ። የት ነበራችሁ?"

አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "መንገድ ላይ ቀብር አጋጥሟቸው፣ ወርደው ሲሸኙ መሽቶባቸው ነው።"

ሰውየው ቁልፉን እንደሰካ ቆመ። "ነፍስ ይማር። ማን ነበር የሞተው?"

"አላውቅም" አልኩት።

አየኝ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ። ላስቲኩን ፈትቼ ወረቀቱን ሰጠሁት።