አባ ቆይ

ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ። ሰው በልጅነቱ ይጫወታል፤ የእኔ ልጅነት ግን ያኔ ነው የመጣ። ዛሬ የመሬት ደብተሬን ፍለጋ ሣጥኑን ስከፍት ከሥሩ የወንድሜ ፍላሽ ወጣች። አውራ ጣት ታክላለች። ሳሸታት ያው የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አላት፤ ወይ ለእኔ መሰለኝ።

በዚያ ዓመት በረዶ ገብሴን አነጠፈው። ታናሽ ወንድሜ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ጌም ቤት ነበረው፤ ጎረምሳው እየከፈለ በቴሌቪዥን የሚጫወትበት። እሱ ፊደል ሲቆጥር እኔ ሞፈር ይዤ ነው ያስተማርሁት፤ እኔ እንኳ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አላልፍ። "ጋሼ፣ በሬዎቹን ይሽጧቸውና እንደኔ የጨዋታ ማሽን ያስገቡ" አለኝ። ሸጥሁ። ከማሽኖቹ አሮጌውን ለቀቀልኝ፤ ሲዲ የማይፈልግ፣ በፍላሽ እንዲያጫውት ውስጡ የተከፈተ ነው። ጨዋታዎቹን ፍላሼ ላይ ራሱ ሞላልኝ። መንገዱን ተሻግሬ ፊት ለፊቱ ቤት ተከራየሁና ቴሌቪዥን አቆምሁ።

ምን አለፋህ፣ ማሽኑ አልንቀሳቀስ አለ። የኳሱን ጨዋታ ሲመርጡ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ከታች አንዲት ነጭ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ጎረምሶቹ ጆይስቲክ ይዘው ያዛጋሉ። "ቆዩ፣ እየተጫነ ነው" እላለሁ። አንዳንዱ ጨዋታ ከነጭራሹ አይነሳም። አንድ ቀን ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ "አባ ቆይ፣ አህያዋ አሁንም አልተጫነችም እንዴ?" አለ። መንገዱ ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፋ። ከተማው አባ ቆይ አለኝ፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ደንበኛውም ወደሱ ተሻገረ። በሬ የለኝ፣ ጨዋታ የለኝ። ያን ሳቅ እያኘክሁ ከረምሁ።

ስልክ የምትጠግን አንዲት ሴት ነበረች፣ ከአርብ ገበያ የመጣች፣ ቁጡ። ቸግሮኝ ሄድሁባት፤ ፍላሼን ኮምፒዩተሯ ላይ ሰካችና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ቀይና ሰማያዊ ቁርጥራጭ ነው፣ እንደ ተጣፈ ጨርቅ።

"አንዱ ጨዋታ አንድ ቦታ አይደለም ያለ" አለችኝ። "ሲጠፋ ሲሞላ የኖረ ፍላሽ ነው፤ ባገኘው ክፍተት ነው የተወሸቀው። ማሽንዎ ቁርጥራጩን እየዞረ ሲለቅም ነው የሚውል።"

ገባኝ። ማንም የተማረ የኔን ያህል አይገባውም። መሬት ሲደለደል ለእኔ የደረሰኝ አራት ቦታ ነው፤ አንዱ ወንዝ ማዶ፣ አንዱ ገደል አፋፍ። ካንዱ ወዳንዱ ሞፈር ተሸክሜ ስዞር ነበር ፀሐይ የምትጠልቅብኝ።

"እንደ መሬቴ ነዋ" አልኋት።

ሳቀች። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና አንድ በአንድ እንድሞላ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን እንዳልጨምር፣ ቦታ ጠበበኝ ብዬም ከመሐል እንዳልሰርዝ ነገረችኝ። እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ነዶ ክምር ከሥር ጀምሬ ደረደርሁት። ቤቴ ስመልሰው ነጭዋ ክብ ሁለቴ ሳትዞር ኳሱ ተከፈተ። የተመልካቹ ጩኸት ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ እኔም ጆይስቲክ ጨብጬ ጮህሁ።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ተገላበጠ፤ ደንበኛው ወደኔ ተሻገረ። የእሱ ማሽኖች ሲዲ ማንበብ ደክሟቸው ነበርና ቤቱ ኦና ሆነ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

በገበያ ቀን መጣ። ይህችኑ ዛሬ ከሣጥኑ የወጣችውን ፍላሽ ይዟል፤ የእሱንም ማሽኖች በፍላሽ ሊያስጀምር ነው። ቤቴ ሰው ሞልቷል።

"ጋሼ፣ እንዴት እንዳፈጠኑት ያሳዩኝ" አለ።

"ተቀመጥ" አልሁት።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ጠየቀኝ።

"ቆይ፣ እየተጫነ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ቆይ አልሁት። በሦስተኛው የሳቀ የለም። ከዚያ በኋላ እሱም አልጠየቀ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ጉልበቱ ድረስ ወጣችና ተመልሳ ሄደች፤ እሱ ቁጭ እንዳለ ነው። ሰዉ ሲበተን ተነሣ።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ስሞላ እኔም እኮ እንዲህ እንደሚያዘገየው አላውቅም ነበር" አለኝ።

ፍላሿን አግዳሚው ላይ ትቷት ወጣ። የእኔን ሆን ብሎ ነው አበላሽቶ የሞላው ስል ነበር የከረምሁ፤ ዛሬም ግማሽ ልቤ እንዲያ ይላል። የአህያዋን ነገር ግን ሆን ብሎ ነው የተናገረ። ቆይ መባል ይገባው ነበር።

በነጋታው ማለዳ ሴትዮዋ ዘንድ ሄጄ ፍላሿን አጠፋሁና አንድ በአንድ ሞላኋት። አባ ቆይ ሞላልህ ብዬ ልወረውርለት ነበር ሐሳቤ። መንገዱን ስሻገር በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጎረቤቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ መተማ ሄደ አለኝ፤ መቼ እንደሚመለስም አልተናገረ። እኔ ግን ፍላሿን በእጄ ጨብጬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ፣ እስኪመጣ ልቆይ ብዬ።