ስምንቱ ሳንቃዎች

2006 ዓ.ም. ነበር፤ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ። በዚያ ሰሞን ኮሶበር ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ለማሠራት ተነሣሁ። በረንዳ እንለዋለን እንጂ የነበረው ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ጭቃ ነበር።

ለጌጥ አልነበረም። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ብርቱ ትኩሳት ጥሏት ነበር። እግዚአብሔር ነፍሷን አተረፈልኝ፤ እግሮቿ ግን ዛሉ። ከአልጋ ወደ ደጅ የምትወጣው በጀርባዬ ነበር። ያያት ሐኪም፣ «በየቀኑ ደጅ ወጥታ ትቁም» አለኝ። «ወለሉ የተስተካከለ ይሁን፣ እግሯን አይቀዝቅዛት፣ የምትደገፈው ይኑራት። ይህንንም ክረምት ተኝታ ካሳለፈችው እግሮቿ እንደታጠፉ ሊቀሩ ይችላሉ።»

በእኛ አገር ዝናቡ ግንቦት ላይ ከገባ እስከ ጥቅምት አይለቅም። የቀረኝ ሁለት ወር ነበር።

ባለቤቴ መምህር ነው። «ሲሚንቶ ይፈስና እንረፍ» አለ። የጎረቤት ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሬን ቆሜ ሞከርሁት። ቀትር ላይ እንኳ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። ተውሁት።

የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁ። ሥራም ወሬም ከጀመረ የማያቆም ሰው ነው።

«ባሕር ዛፍ ይሁን?» አልሁት።

«እታለም፣ ባሕር ዛፍ እንደ ሰካራም ነው። ማታ ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ ጠዋት ተጣሞ ይነሣል።»

«ቀርከሃስ?»

«ቀርከሃ ሰንጥቄ ብደረድርልሽ ያምራል፣ እግርም አያቀዘቅዝም። ግን ለሁለት ክረምት ነው። ከዚያ ይበሰብሳል።»

ሁለት ክረምት አነሰብኝ። ልጄ ቆማበት፣ ሄዳበት፣ አድጋ እስክትዳር የሚቆይ ነገር ፈለግሁ። ያን ያህል ዘመን ማን ቆርጦ እንደሰጠኝ ዛሬ አላውቅም።

«ጥድ ነዋ የምትፈልጊው» አለ አናጢው። «አዲስ ጥድ ደግሞ አይገኝም። አሮጌ ላፈላልግልሽ።»

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በጥርባ በኩል አንድ ገበሬ ጎተራው ሥር ያስቀመጣቸው ስምንት የጥድ ሳንቃዎች አሉ አለኝ። አብረን ሄድን። ሳንቃዎቹ ገለባ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ገለባውን አነሣንላቸው። ወፍራም፣ ሰፊ፣ በመጥረቢያ የተጠረቡ፤ ቀለማቸው የማር እንጀራ ይመስላል። በእጄ ብዳብሳቸው አንድ ስንጥር አልወጋኝም።

ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ደርቋል ወይ? ደርቋል። ምስጥ ይበላዋል ወይ? ጥድ ምስጥ አይበላውም። ቀጥ ያለ ነው ወይ? አናጢው ተንበርክኮ በአንድ ዓይኑ አየና «እንደ ክር» አለ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ገበሬውም ዓይኔን ሳያይ ነው ያስረከበኝ።

በሁለቱ ሳንቃዎች ላይ ዝቅ ያለና የሚያበራ ጎድጓዳ ነበር። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፤ አንዱ ሰው ፊት ትክክል፣ አንዱ ከዚያ ዝቅ ብሎ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት አናጢውን።

«የበረት መዝጊያ ነበረ ይሆናል። ላም ስትታከክበት እንዲህ ይለሰልሳል።»

«ሰም ሰም ይሸታል።»

«ቀፎ ተቀምጦበት ይሆናላ።»

«እንዲያ ይሆናል» አልሁ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን እሳለም ነበር። ግን እንዲያ ይሆናል አልሁ።

ለፋሲካ ወለሉ አለቀ። አናጢው ከሥር ድንጋይ ደልድሎ፣ ሞራሌ አጋድሞ፣ ስምንቱን ሳንቃ ጎን ለጎን መታቸው። በዳር በኩል ልጄ የምትይዘው መደገፊያ አደረገ። አሮጌ ምስማሮቹን ነቅሎ ነበር፤ አንዷ ብቻ ተሰብራ ውስጥ ቀረችና በመዶሻ ቀጠቀጣት።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ዶሮዎቹን ነው። በየቦታው ይወጣሉ፤ ማድቤቱ ጣራ ላይ እንኳ ይሰፍራሉ። ወለሉ ላይ አልወጡም። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይገቡ ነበር እንጂ ከላዩ አልወጡም። ውሻችንም ዳሩ ላይ ይመጣና ይቆማል፤ አፍንጫውን ያነሣል፤ ከዚያ ጭቃው ውስጥ ይተኛል።

ቀጥሎ ሴቶቹ። ጎረቤቶቼ ሲመጡ መንገድ ላይ ሳሉ ይሳሳቃሉ፤ ሳንቃው ላይ ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ማንም አላዘዛቸውም። ባለቤቴ ይህን አይቶ «ኮሶበር ውስጥ ሴት ዝም የሚልበትን ብቸኛ ቦታ ሠራሽልን» አለ። እሱም ራሱ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

ልጄ ደግሞ ጫማ እምቢ አለች። ገና ጉልበቷ ሳይጸና፣ ተቀምጣ ሳለ ጫማዋን ታወልቅና ከወለሉ ውጭ ታስቀምጣለች። አባቷ ከሥራ ገብቶ በጫማው ሲወጣ ዓይኗን እግሩ ላይ ታሳርፋለች። እስኪያወልቅ አታነሣም።

«ማን ነው አውልቂ ያለሽ?» አልኋት።

«ማንም» አለች። «እዚህ ይወለቃል።»

ግንቦት ላይ ቆመች። መደገፊያውን ይዛ፣ አንዱን ሳንቃ ተሻግራ ሁለተኛው ላይ። ያን ቀን ወደ ጓዳ ገብቼ በግንባሬ ተደፋሁ። ሰኔ ላይ አራት ሳንቃ ሄደች። ሐምሌ ሲጋመስ ስምንቱንም ሄዳ ተመለሰች። እኔም ባልገባኝ ነገር ላይ ምስጋና እየደረብሁ ተውሁት።

ዝናቡ በርትቶ ከነፋስ ጋር እየገባ ሳንቃው ሲርስ የሰሙ ሽታ ይነሣል። የማር አይደለም፤ ነድዶ የጠፋ ጧፍ ነው የሚሸተው። ከዚያ ጉሙ ከዘንገና በኩል መጥቶ አጥራችንን ሲሸፍን፣ ረፋድ ላይ፣ እኔ ውስጥ ሳለሁ ሳንቃው ይንቋቋል። ከዳር ይጀምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ እስከ በራችን ይመጣና ይቆማል። እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይጮኻል፤ ይህን አናጢው ነግሮኛል። ግን ስወጣ እርጥቡ ሳንቃ መሐል አራቱ ጎድጓዶች ደርቀው አገኛቸው ነበር። በልብሴ አብሼ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። አላበስሁም።

ነሐሴ ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። ከጾሙ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጄ ከንፈሯ እየደማ መጣች። በእግሯ፣ ያለ ድጋፍ ነው የመጣችው። በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ፣ ትንሽ ጭረት።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም። ስስመው ምስማሩ ነካኝ።»

«ምኑን ስትስሚ?»

«እንጨቱን ነዋ። ያንን ዝቅ ያለውን።»

«ለምን ትስሚዋለሽ?»

ሞኝ ነገር የጠየቅኋት ያህል አየችኝ። «ሁሉም ይስሙታል» አለች።

ወለሉ ላይ ማንም አልነበረም። ጉሙ እስከ መደገፊያው ደርሷል። ጫማዬን አወለቅሁ። በጉልበቴ ሄጄ ከጎድጓዳው ጎን ጎንበስ አልሁ። በስተቀኙ የምስማሯ ስባሪ ብቅ ብላ ነበር። እጄን ወደ አፌ ሰደድሁ።

በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ከንፈሬ ላይ ጠባሳ አለኝ። ያደግሁት ዘንገና አጠገብ ነው። የገጠራችን ቤተ ክርስቲያን በር ሁለት ትልልቅ መዝጊያ ነበረው፤ ትልልቆቹ ከላይ ይስሙታል፣ እኛ ልጆች ከታች። ሕዝቡ ብዙ ዘመን ከመሳሙ የተነሣ እንጨቱ ጎድጉዶ ነበር። የልጄን ዕድሜ ሳለሁ፣ ከሌሎች ልጆች ልቅደም ብዬ ስሽቀዳደም፣ በዚያች ምስማር ተጫርሁ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ደሜን ጠርጋ «ቀስ ብለሽ ሳሚ» ብላኝ ነበር። ኋላ አሮጌው ሲፈርስና አዲሱ ሲሠራ እኔ ከተማ ነበርሁ። እነዚህ ሳንቃዎች ከግቢው እንዴት እንደወጡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ልጄን ለጎረቤት ትቼ በጉሙ ውስጥ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስትገዢ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር።»

«ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ለምን?»

«ጥሩ እንጨት ነበር፣ አባ።»

«የቤተ ክርስቲያን እንጨት ቢያረጅም የቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ቤተ ልሔም ገብቶ የመሥዋዕቱ ኅብስት ይጋገርበታል እንጂ ወደ ሰው ቤት አይገባም።»

«ይህን አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ፣ ልጄ?»

«ልጅቱ የቆመችው እዚያ ላይ ነው። ካነሣሁት ብትወድቅብኝስ?»

«ያቆማት ሳንቃው ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አፌ ቶሎ አልመለሰም። በዚያ አፈርሁ። እሳቸው አልገፉኝም፤ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እንደምትመልሺው ለገጠሩ ደብር እኔ መልእክት እልካለሁ» ብለው አሰናበቱኝ።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ነገርሁት። ሳንቃውን ቆሞ ሲያይ ቆየ። «ሲሚንቶ ብዬሽ ነበር» አለ። ከዚያ የምስማር መንቀያውን ፈልጎ በሩ ሥር አስቀመጠልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት፣ ማታ የላክሁበት አናጢ የፈረስ ጋሪ ይዞ መጣ። «እታለም፣ እኔ አላውቅም ነበር» አለ። «እኔም» አልሁት። ያን ቀን ሌላ ወሬ አልወጣውም። ሁለታችንም ባዶ እግራችንን ነበርን። ሳንቃዎቹን ከዳር ጀምረን አንድ በአንድ አነሣን፤ ልጄ ደፍ ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች። የመጨረሻው ጎድጓዳ ያለበት ነበር። ቀስ ብዬ ሳምሁትና ለአናጢው አቀበልሁት። ጋሪው በዘንገና መንገድ ጉሙ ውስጥ ገባ።

አናጢው ያመጣውን የተሰነጠቀ ቀርከሃ ሞራሌው ላይ ደረደርሁት። ለሁለት ክረምት ይበቃል። ዶሮዎቹ እኔ ሳልጨርስ ወጡበት።

«አሁን ጫማ ይደረጋል?» አለች ልጄ።

«ይደረጋል።»

ከውስጥ አመጣሁላት። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አንዱን አሰርሁላት። ትከሻዬን ይዛ ቆመች። ሌላኛውንም አሰርሁላት።